ስለ አዮናዊ ውሁዶች የመቅለጫ ነጥብ፤ አንድ ስሕተታችንን ለማረም የቀረበ ንግግር

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተነበበ)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው አዲስ ነገር አገኘን ብለን ለማብሠር አይደለም፤ ያስተማርነውን ስሕተት ለማረም ነው። ስሕተቱ በሰሌዳ ፊት፤ በብዙ ሰው መካከል ስለ ተነገረ፤ እርማቱም በብዙ ሰው መካከል መነገር አለበት ብለን አሰብን።

እንደምታውቁት ከከፍተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጥቂቶቻችን በየሐሙሱ ማታ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን እናስጠናለን። ባለፈው ሴሚስተር ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ደንብ ጻፍን፤ «የአዮኖቹ ሙል ሲበዛ፤ በመካከላቸውም ያለው ርቀት ሲያጥር፤ የመቅለጫው ነጥብ ከፍ ይላል።» ቀጥለንም ሊቲየም ክሎራይድና ሶዲየም ክሎራይድ ቢወዳደሩ በበለጠ ሙቀት የሚቀልጠው የትኛው ነው ብለን ጠየቅን። መልሱንም ራሳችን ሰጠን። ሊቲየም ከሶዲየም ያነሰ ስለ ሆነ ወደ ክሎራይዱ ይቀርባል፤ ስለ ቀረበም አጥብቆ ይስባል፤ ስለዚህ የሚበልጠው ሊቲየም ክሎራይድ ነው አልን። ሁሉም በየደብተሩ ጻፈው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ የገለበጠቻቸውን ሁለት ቍጥሮች ይዛ መጣች። ሊቲየም ክሎራይድ 610 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ሶዲየም ክሎራይድ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። «እናንተ ካላችሁት ጋር አልገጠመልኝም፤ የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም መልስ ስላልነበረን «መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆናል፤ ለማንኛውም በፈተና ላይ ደንቡን ጻፊ» አልናት። እርሷም ዝም ብላ ተቀመጠች። ያን ዕለት ማታ ሌሎች ሁለት መዛግብት ገልጠን አየን፤ ልዩነታቸው ከጥቂት ዲግሪ የማይበልጥ ሆኖ ሁሉም ከእርሷ ጋር ተስማሙ። የተሳሳትነው እኛ ነበርን። ይህንንም እያወቅን ሦስት ሳምንት ዝም አልን፤ በነዚያ ሦስት ሳምንቶች ውስጥ ያቺ ተማሪ እጅዋን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣችም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ደንቡ ከየት መጣ?

አሞሌ ጨው ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአሳሌ ሐይቅ ዳር እየተጠረበ በግመል ሲወጣ፤ ቀድሞም እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው ያ ድንጋይ መሰል ነገር አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ምጣድ ላይ ብናስቀምጠው ይሞቃል እንጂ አይቀልጥም። አንጥረኛ ግን በወናፍ እያናፋ ብር በሚያቀልጥበት እሳት ላይ ቢያኖረው ይፈሳል፤ ምክንያቱም ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሲሆን ጨው የሚቀልጠው ከዚያ ዝቅ ብሎ በ801 ዲግሪ ነው።

ጨው ይህን ያህል ሙቀት የሚችልበትን ምክንያት የምናገኘው በክሪስታሉ ሥርዓት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 አባትና ልጅ የሆኑት ብራጎች በኤክስ ሬይ እንዳሳዩት፤ በጨው ክሪስታል ውስጥ «የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪውል» የሚባል ለብቻው የቆመ ነገር የለም። እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎራይድ አዮኖች ተከቧል፤ እያንዳንዱም ክሎራይድ እንዲሁ በስድስት ሶዲየሞች ተከቧል። የሚያያይዛቸውም ኩሎም በ1785 የገለጸው የኤሌክትሪክ መሳሳብ ነው። የመሳሳቡ ጕልበት ሙሎቹ ሲባዙ ያድጋል፤ ርቀቱ ሲረዝም ይቀንሳል። ደንባችን የመጣው ከዚህ ነው፤ ምንጩም ትክክል ነው።

ደንቡ በትክክል የሚሠራበትም ቦታ አለ። ሶዲየምን ሳንለውጥ አጋሩን ብቻ ብንለዋውጥ የሚከተለውን እናገኛለን።

ሶዲየም ፍሎራይድ፤ ርቀት 2.31 አንግስትሮም፤ መቅለጫ 996 ዲግሪ።
ሶዲየም ክሎራይድ፤ ርቀት 2.82 አንግስትሮም፤ መቅለጫ 801 ዲግሪ።
ሶዲየም ብሮማይድ፤ ርቀት 2.99 አንግስትሮም፤ መቅለጫ 747 ዲግሪ።
ሶዲየም አዮዳይድ፤ ርቀት 3.24 አንግስትሮም፤ መቅለጫ 661 ዲግሪ።

ርቀቱ በረዘመ ቍጥር መቅለጫው ወረደ። የሙሉንም ነገር ለማየት ሶዲየም ፍሎራይድን ከካልሲየም ኦክሳይድ ጋር እናወዳድር። የካልሲየም ኦክሳይድ ርቀት 2.40 አንግስትሮም ስለ ሆነ በርቀት ብዙ አይለያዩም። ሙላቸው ግን አንዱ አንድ በአንድ፤ ሌላው ሁለት በሁለት ነው። ካልሲየም ኦክሳይድ የሚቀልጠው ወደ 2600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ደንቡን ቢያምን አይፈረድበትም፤ እኛም ያመንነው ይህን አይተን ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብለን ብናሰላ ኖሮ እንነቃ ነበር። የሁለት በሁለት ብዜት አራት ነው። የካልሲየም ኦክሳይድ የላቲስ ጕልበትም በእርግጥ ከሶዲየም ፍሎራይድ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የመቅለጫው ነጥብ በኬልቪን ሲለካ ግን ከሁለት እጥፍ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሁለቱ መለኪያዎች አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ እንጂ እኩል አይራመዱም። ለምን ይሆን?

ደንቡ የሚሰበርበት ቦታ

የላቲስ ጕልበት ስንል አንድ ሞል ጠጣር ጨው ፈጽሞ ተበታትኖ እያንዳንዱ አዮን ብቻውን በጋዝ ሁኔታ እስኪቀር ድረስ የሚጠይቀውን ጕልበት ማለታችን ነው። እንግዲህ ሦስት ምስክሮችን እንጥራ።

የመጀመሪያው ምስክር ያው ሊቲየም ክሎራይድ ነው። የላቲስ ጕልበቱ በሞል 850 ኪሎ ጁል ገደማ ሲሆን የሶዲየም ክሎራይድ 786 ነው። የሚበልጠው ሊቲየም ሆኖ ሳለ ቀድሞ የሚቀልጠው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሲልቨር ክሎራይድ ነው። የክሪስታሉ ሥርዓት ከገበታ ጨው ጋር አንድ ነው፤ ርቀቱም 2.77 አንግስትሮም ስለ ሆነ ጥቂት ያጥራል፤ የላቲስ ጕልበቱ ከ900 ኪሎ ጁል በላይ ነው። በደንባችን መሠረት ከገበታ ጨው በላይ መቅለጥ ነበረበት። የሚቀልጠው ግን በ455 ዲግሪ ነው።

ሦስተኛው ምስክር አንድ ሰው ሳይሆን ቤተ ሰብ ነው። ማግኒዚየም ክሎራይድ 714 ዲግሪ፤ ካልሲየም ክሎራይድ 772፤ ስትሮንቲየም ክሎራይድ 874፤ ባሪየም ክሎራይድ 962። ከማግኒዚየም ወደ ባሪየም ስንወርድ አዮኑ እየተለቀ፤ ርቀቱ እየረዘመ፤ የላቲስ ጕልበቱም ከ2500 ኪሎ ጁል ወደ 2050 ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። የመቅለጫው ነጥብ ግን በየደረጃው ሽቅብ ይወጣል። እዚህ ላይ ደንቡ ያነሰ ብቻ አይደለም፤ ፈጽሞ ተገልብጧል።

ሦስት ምስክሮች በአንድ ቃል ከተናገሩ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።

መቅለጥ መለያየት አይደለም

የስሕተታችን ሥር ይህ ነው፤ መቅለጥን ከመለያየት ጋር አንድ አድርገን ቈጠርነው። አንድ ሞል የገበታ ጨው አዮኖቹ ፈጽመው እንዲለያዩ 786 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። እንዲቀልጥ ግን የሚጠይቀው 28 ኪሎ ጁል ብቻ ነው፤ ይህም ከሃያ ስምንት አንድ እጅ መሆኑ ነው። የቀረው ጕልበት የት ሄደ ቢባል የትም አልሄደም፤ በቀለጠውም ጨው ውስጥ አዮኖቹ አሁንም እርስ በርሳቸው ተያይዘው አሉ።

በትምህርት ቤት ሳለን ጧት ጧት ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈን እንቆም ነበር። «ሰልፉ ይበተን» ሲባል ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። መስመሩ ፈረሰ እንጂ ሁሉም በዚያው ሜዳ ላይ ከጓደኛው አጠገብ ነበረ። የጨው መቅለጥም እንዲህ ነው። ይዘቱ ወደ ሩብ ያህል ይሰፋል፤ ስድስት የነበረው የቅርብ ጎረቤት ወደ አራትና አምስት ይወርዳል፤ ነገር ግን ሶዲየሙ በክሎራይዶች፤ ክሎራይዱም በሶዲየሞች እንደ ተከበበ ይኖራል።

ስለዚህ የመቅለጫ ነጥብ ስለ ጠጣሩ ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ጠጣሩ ከፈሳሹ ጋር የሚመዛዘንበት ቦታ ነው። በቀመር ስንጽፈው፤ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ጕልበት በመቅለጥ ጊዜ ለሚጨምረው ኢንትሮፒ ሲካፈል የመቅለጫውን ነጥብ በኬልቪን ይሰጠናል። ለገበታ ጨው 28 ኪሎ ጁል ለ26 ጁል በኬልቪን ሲካፈል ወደ 1074 ኬልቪን ይመጣል፤ ይህም ያው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጠጣሩ እጅግ ጠንካራ ሆኖ ፈሳሹም እንዲሁ ምቹ ከሆነ፤ ልዩነታቸው ትንሽ ስለሚሆን መቅለጫው ዝቅ ይላል። ለዚህም ማስረጃ አለ። ሊቲየም ክሎራይድን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው በሞል 20 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ ለሲልቨር ክሎራይድ ደግሞ 13 ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ከገበታ ጨው ያንሳሉ።

ፈሳሹ ለምን ምቹ ይሆናል?

አንደኛው ምክንያት የመጠን አለመመጣጠን ነው። የሊቲየም አዮን ሬዲየስ 0.76 አንግስትሮም፤ የክሎራይድ 1.81 ነው። ስድስት ትላልቅ ክሎራይዶች አንዲት ትንሽ ሊቲየምን ሲከቡ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ፤ ተመሳሳይ ሙል ስላላቸውም ይገፋፋሉ። ሲቀልጥ ጎረቤቶቹ ስለሚቀንሱ ግፊያው ይቀላል፤ የቀሩትም ወደ ሊቲየሙ ይበልጥ ይጠጋሉ። የሊቲየም ጨዎች ከሥርዓቱ የሚወጡበትን ይህን ምክንያት ላይነስ ፖውሊንግ እ.ኤ.አ. በ1928 አስረድቶታል።

ሁለተኛው ምክንያት የኤሌክትሮን ደመና መጣመም ነው። ካዚሚርዝ ፋያንስ እ.ኤ.አ. በ1923 እንዳመለከተው፤ አዎንታዊው አዮን ትንሽና ሙሉ ብዙ ሲሆን፤ አሉታዊው ደግሞ ትልቅ ሲሆን፤ ትንሹ የትልቁን ደመና ወደ ራሱ ይስባል፤ ማሰሪያውም ወደ ኮቫለንት ያደላል። እንደ ሲልቨር ያሉ፤ የውጭ ሽፋናቸው እንደ ብርቅ ጋዞች ያልሆነ አዮኖችም ሙላቸው አንድ ብቻ ሆኖ እንኳ ደመናውን አጥብቀው ይስባሉ። እንዲህ ያለው ማሰሪያ የላቲስ ጕልበቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሥርዓተ ሰልፉ ሲፈርስ አብሮ አይፈርስም፤ በፈሳሹም ውስጥ ይቀጥላል።

የዚህ ነገር ዋናው ምሳሌ አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። በጠጣርነቱ እያንዳንዱ አሉሚኒየም ስድስት ክሎራይዶች አሉት። ሙሉ ሦስት ስለ ሆነ በደንባችን ከማግኒዚየም ክሎራይድ በላይ መቅለጥ ነበረበት። ነገር ግን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚቀልጠው በ193 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በክፍት ቦታ ከሆነም ሳይቀልጥ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ሲቀልጥ ሰልፉን ብቻ አይበትንም፤ ሁለት አሉሚኒየምና ስድስት ክሎሪን በአንድ ላይ ሆነው ለብቻው የቆመ ሞለኪውል ይሆናሉ። ከዚህም የተነሣ ይዘቱ ሁለት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ከመቅለጫው ነጥብ በኋላ ወደ ምንም ይወርዳል። የገበታ ጨው ሲቀልጥ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ አሉሚኒየም ክሎራይድ ሲቀልጥ ማስተላለፍ ያቆማል።

በማግኒዚየምና በባሪየም ክሎራይድ መካከል ያለውም ልዩነት በዚሁ መንገድ ይገባል። ማግኒዚየም ትንሽ ስለ ሆነ ክሎራይዱን ይስባል፤ ክሪስታሉም በንብርብር የቆመ ነው፤ ጎረቤቶቹ ስድስት ናቸው። ስትሮንቲየም ስምንት፤ ባሪየም ዘጠኝ ጎረቤቶች አሉት። የክሪስታሉ ሥርዓት ራሱ ስለ ተለዋወጠ በርቀት ብቻ ልናወዳድራቸው መነሣታችን ከመጀመሪያው ትክክል አልነበረም።

ይህ ከፈተና ውጭ ምን ይረባል?

ከመካከላችሁ «ይህ ሁሉ ለጥቂት ዲግሪ ነውን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ስለ አሉሚኒየም አሠራር አንድ ነገር እናንሣ። አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ለማውጣት ውሁዱ ቀልጦ አዮኖቹ መንቀሳቀስ አለባቸው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ መቅለጫ 2072 ዲግሪ ነው። የመቅለጫ ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው «በ193 ዲግሪ የሚቀልጠው ክሎራይድ እያለ ለምን እንደክማለን?» ይላል። ነገር ግን ፈሳሹ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በዚያ ፈሳሽ ውስጥ አዮን እንደሌለ ያውቃል። ቻርልስ ሆልና ፖል ኤሩ እ.ኤ.አ. በ1886 በየበኩላቸው ያገኙት ዘዴ ኦክሳይዱን በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ ማሟሟት ነው፤ ሥራውም በ960 ዲግሪ ገደማ ይካሄዳል። የምንበላበት ድስት የተገኘው ፈሳሹን በማወቅ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላም ነገር ልብ በሉ። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሙል ከማግኒዚየም ኦክሳይድ ይበልጣል፤ የላቲስ ጕልበቱም ለያንዳንዱ አዮን ተካፍሎ እንኳ ይበልጣል። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ግን በ2850 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ በብዙ ይበልጠዋል። ምክንያቱን አሁን ራሳችሁ ልትሰጡ ትችላላችሁ።

እንግዲህ እንዴት እናወዳድር?

የቀድሞውን ደንብ ከሰሌዳው ላይ አንሰርዘውም፤ ከፊቱ ግን ጥያቄዎች እናስቀምጣለን።

አንደኛ፤ ውሁዱ በእርግጥ ይቀልጣልን? የኖራ ድንጋይ በክፍት ምድጃ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቶ ይበተናል እንጂ አይቀልጥም። የማይቀልጥን ነገር በመቅለጫ ማወዳደር ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፤ የክሪስታላቸው ሥርዓትና የአዮኖቻቸው ብዛት አንድ ነውን? አንድ ከሆነና የተለወጠው አንዱ አዮን ብቻ ከሆነ ወደ ሦስተኛው እንለፍ። አንድ ካልሆነ እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፤ ሙላቸውና ርቀታቸው ምን ያህል ነው? ደንቡ ቦታው እዚህ ነው። የሙል ልዩነት ሰፊ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፍርዱን ይሰጣል።

አራተኛ፤ ሲቀልጥ ምን ይሆናል? አዎንታዊው አዮን እጅግ ትንሽ፤ ሙሉ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ፤ ወይም የሲልቨር ዐይነት፤ አሉታዊውም ትልቅ ከሆነ፤ ፈሳሹ የሚመች ስለሚሆን መቅለጫው ከተጠበቀው ይወርዳል። ለልምምድ ያህል የብረትን ሁለት ክሎራይዶች ውሰዱ። ሙሉ ሁለት የሆነው በ677 ዲግሪ፤ ሙሉ ሦስት የሆነው በ307 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ይህን በሰሌዳችን ደንብ ሳይሆን በአራተኛው ጥያቄ መልሱት።

አምስተኛው ጥያቄ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የተለካው ቍጥር ከምክንያታችን ጋር ባይገጥም፤ መታረም ያለበት ምክንያታችን ነው። መለኪያ ሊሳሳት ይችላል፤ ያን የምናውቀው ግን ደግመን በመለካት እንጂ ደንባችንን ስለምንወደው አይደለም።

ለመምህሮቻችን በትሕትና የምናቀርበው አንድ ልመና አለን። በፈተና ላይ «የትኛው ይበልጣል?» ብቻ ከመባል ይልቅ ቍጥሮቹ ተሰጥተው «ለምን?» ብንባል፤ የገመተና ያሰበ ተማሪ ይለያሉ። እኛ ራሳችን በዚያ ደንብ ጥሩ ማርክ አግኝተን አልፈናል፤ ነገር ግን ያለፍነው ፈተናውን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም።

ለእኅታችንም የሚነገር አለን። የዚያን ሐሙስ ማታ በዚያ ክፍል ውስጥ የኬሚስትሪ ሥራ የሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም አንቺ ነሽ። እኛ ደንብ ደገምን፤ አንቺ ሄደሽ አየሽ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኛም በስሕተታችን ላይ ሌላ ዓመት ተማሪ እንጨምርበት ነበር። «ደንቡን ጻፊ» ያልንሽን ቃል ዛሬ በሰው ፊት መልሰን ወስደናል። በሚመጣው ሐሙስ ሰሌዳው ላይ 610 እና 801 ብለን እንጀምራለን፤ አንቺም ጥያቄሽን እንደገና ብታነሺልን ደስ ይለናል። በዚህ ጊዜ አብረን እንመልሰዋለን።